ከድኖ ይፍጨው

ትርንጎ ወደቀች፣ ጥር ሊጋመስ ሲል፣
ምራቅ ሳያርፍ መሬት ጠጠር በሚመስል
የኤድመንተን ብርድ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው፤
ጨው ያልነሰነሱት በረዶ ነው ገፊው።
መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ፣
ላይና ታች ጥርሷ በሽቦ ታሰረ።
«ስድስት ሳምንት» አለ ሐኪሙ፣ «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣
በስትሮ የሚሳብ ፈሳሽ ብቻ ስጣት።»

ጥርስ ነክሳብኝ ነበር ከገና ጀምሮ፤
ይኸው ቃሉ ሥጋ ለበሰ፣ በሽቦ ተቋጥሮ።
የአክስቴ ልጅ ነው የነገሩ መነሻ፤
ሦስት ሺህ ዶላር፣ ሳልነግራት የሰጠሁት፣ ለመኪናው ማደሻ።

ብሌንደር ገዛሁኝ ከአንድ ተማሪ ላይ፣
አሥራ አምስት ዶላር፤ ገመዱ በፕላስተር ተጠቅልሎ የሚታይ።
በመጀመሪያው ቀን ጉዴ ተጀመረ፤
ብሉቤሪው በሙሉ ኮርኒሱ ላይ አደረ።
(ክዳን የሚባል ነገር እንዳለው ዘነጋሁ።)
ወንበር ላይ ቆሜ ስፈትግ አመሸሁ፤
አልለቀቀም።
ትርንጎ ከሶፋው ቀና ብላ አየችው፣
ደብተሯን አነሣች፣ ጻፈች፣ ወደ እኔ አዞረችው፦
«ኮርኒሱ በልቷል። የኔ ቁርስ የት ነው?»

ቀስ በቀስ ተማርሁ፦ ፈሳሹ ይቀድማል፣
ቅጠሉ ይከተላል፣
በረዶ የሆነው ማንጎ ከላይ ይጫናል፤
ይህን ያገላበጠ ሞተር ያቃጥላል።
ስፒናች ጭብጥ ሙሉ፣ ሁለት ጭብጥ ግን ግፍ፤
ዝንጅብል እንደ ጥፍር፣ ካለፈ የሚያንገፈግፍ።
እንጆሪ ያለ ወንፊት አይሆንም ለሷ፤
ያቺ ኢምንት ፍሬ ከሽቦው ተሰክታ፣ አላስተኛት ጥርሷ።
አጃው ለጉልበት፣ የለውዝ ቅቤው ለሥጋ፤
ሚዛን ላይ ስትወጣ እኔ ነኝ የምሠጋ።
ስሟስ ራሱ ፍሬ አይደል? ልጣጩ ወፍራም፣
ውስጡ ኮምጣጣ፣ ሽታው ግን ቤት የሚሞላ፣ ግሩም።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከፈረቃ በፊት፣
ስፈጭ፣ ከታች ያሉት ወይዘሮ ሃሊና በመጥረጊያ እንጨት
ወለሌን ደበደቡት።
በማግስቱ ቁጣ ይዘው ደረጃውን ወጡ፤
ትርንጎን አዩና፣ ሽቦዋን አዩና፣ ቃል ሳያወጡ
ወርደው አንድ ከረጢት ቀይ ሥር አመጡ።
ቀቅዬ ፈጨሁት ከብርቱካን ጋራ።
አንድ ጠዋት ጠብታው አገጯ ላይ ሲወርድ ደም መስሎኝ ጮህኩኝ፤
በዓይኗ ሳቀችብኝ፤ ያን ያህል ቀን ከርማ፣ በዓይኗ ሳቀችብኝ።

እኔም ተንኮል ነበረኝ፦ ደብተሯን ስታነሣ
ቁልፉን እጫናለሁ፣ ቤቱ በጩኸት እንዲናጥ፣ ወሬው እንዲረሳ።
ጽሕፈት ግን ምን ገዶት! በጩኸት አይዋጥም፤
«ብሩስ?» ብላ ጽፋ ከጆጉ ታስደግፋለች፤ ሞተሩ እስኪቆም አትቸኩልም።

«ከድኖ ያብስለው» ይላል ሰው ነገር ሲከብደው፤
እኔ ሦስት ሺውን ከድኜ ነበረ፣ ሳላበስለው።
አልተፈጨ፣ አልተቀዳ፣
እንደዚያ ማንጎ ከሥር ተጋግሮ ምላጩን ሲጎዳ።
ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ንቅንቅ አይልም፤
አጥፍቶ፣ ከፍቶ፣ በማንኪያ ካልነኩት አይላምም።

በአምስተኛው ሳምንት አጠፋሁት። ነገርኳት።
ቀኑን፣ መጠኑን፣ እስካሁን አለመመለሱን ዘረዘርኩላት።
ጻፈች። ሰረዘች። ጻፈች። ገጹን ቀደደች፣ ኪሷ ከተተች፤
ምን ይል እንደነበር እስከ ዛሬ አላሳየች።

ሽቦዋ ተፈታ፤ የካቲት ሊያልቅ ሲል ከሐኪም ቤት ገባች፣
አገጯን እንደ ዛገ ማጠፊያ በቀስታ እያፍታታች።
የመጀመሪያ ቃሏን ስጠብቅ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ሙዙ ገባ፣ እርጎው ገባ፣ ጣቴ ወደ ቁልፉ ሮጠ፤

«ክዳኑን!»

ድምጿ ጎርነን ብሎ፣ የሌላ ሰው መስሎ፤
ክዳኑን በመዳፌ ተጭኜ ያዝሁት፣ ሳቄ ግን አመለጠ፣ ማን ሊይዘው ችሎ።

ሁለተኛው ቃሏ «ደውልለት» ነበር።
ስልኩ ይጠራል። እሷ ስትሮውን ጥላ
ከብርጭቆው አፍ ትጠጣለች፣ የእርጎ ጺም አብቅላ።